የሐሞት ቱቦን በቀዶ ሕክምና ወቅት ማየት፦ አይሲጂ፣ ኤክስሬይ ወይስ አልትራሳውንድ?

የሐሞት ከረጢት በላፓራስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሲወጣ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከዓይን ይጀምራል። ቀዶ ሐኪሙ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ሲስቲክ ዳክት (ከረጢቱን ከዋናው ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ) መስሎት ክሊፕ ያደርግበታል፤ ከዚያም ይቆርጠዋል። ከረጢቱ ወደ ላይ ሲጎተት ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ መጋጠሚያቸውን ደግሞ ስብና ብግነት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ስህተቱ በሚሠራበት ቅጽበት ትክክል ይመስላል። ከ1,000 ታካሚዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል ተብሎ በስፋት ይጠቀሳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ግን የጉበቱን ቱቦ ከአንጀቱ ጋር የሚያገናኝ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽንና የቱቦ መጥበብ ሊጠብቀው ይችላል። ለጠጠር ብሎ የገባ ሰው ይህን ተሸክሞ መውጣት የለበትም።

ቱቦዎቹን ከመቁረጥ በፊት ለማየት የሚያገለግሉ ሦስት መንገዶች አሉ፦ አይሲጂ የተባለው ቀለም በኢንፍራሬድ ካሜራ የሚታይበት የፍሎረሰንስ ዘዴ፣ ቱቦው ውስጥ ፈሳሽ ተከቶ በኤክስሬይ የሚነሳበት ኮላንጂዮግራም እና የላፓራስኮፒ አልትራሳውንድ። ይህ መመሪያ ሦስቱን የሚያነጻጽረው ለቀዶ ሐኪሞች፣ ለሬዚደንቶች፣ ለማደንዘዣ ባለሙያዎችና መሣሪያ ለሚገዙ የሆስፒታል ኃላፊዎች ነው። ትኩረታችን ፍሎረሰንስ ላይ ይበረታል፤ ጥናቱ በፍጥነት እየተለወጠ ያለውም፣ በአጠቃቀም ብዙ ስህተት የሚፈጸመውም እዚያ ነውና።

ከምርጫው በፊት የሚመጣው

ከሦስቱ አንዱም ጥንቃቄ የተሞላበትን የማላቀቅ ሥራ አይተካም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ስትራስበርግ በ1995 ስም የሰጠው እይታ፣ በየኦፕሬሽን ክፍሉ ሲ ቪ ኤስ (ክሪቲካል ቪው ኦፍ ሴፍቲ) የሚባለው፣ ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃል። በከረጢቱ፣ በጉበቱና በዋናው ቱቦ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጠባሳ መጽዳት አለበት። የከረጢቱ የታችኛው አንድ ሦስተኛ ከጉበት አልጋው መላቀቅ አለበት። ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች፣ ሁለት ብቻ፣ መታየት አለባቸው፤ እነሱም ቱቦውና የደም ሥሩ ናቸው። በ2020 የወጣው፣ በርካታ የቀዶ ሕክምና ማኅበራት የተሳተፉበት የሐሞት ቱቦ ጉዳት መከላከያ ስምምነትም ፍሎረሰንስን የሚያስቀምጠው በነጩ ብርሃን ላይ እንደሚጨመር ረዳት ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ስለታየ ብቻ ሲ ቪ ኤስ ሳይሟላ ክሊፕ የሚያደርግ ሐኪም መሣሪያውን ባይጠቀም ይሻል ነበር።

እያንዳንዱ ዘዴ የሚያሳየውና የማያሳየው

ኤክስሬይ ኮላንጂዮግራም ከሦስቱ የቆየው ነው። አርጀንቲናዊው ፓብሎ ሚሪዚ በ1931 ጀመረው፤ ኤሪክ ሙህ በጀርመን የመጀመሪያውን የላፓራስኮፒ ከረጢት ማውጣት በ1985 ከማድረጉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ማለት ነው። ሲስቲክ ዳክቱ ከረጢቱ አጠገብ በክሊፕ ይዘጋል፤ ከዚያ በታች በትንሹ ይቀደዳል፤ ቀጭን ካቴተር ይገባበታል፤ በአየር የለሽ ኖርማል ሳላይን የቀጠነ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በሲ-አርም (በኦፕሬሽን ክፍል በሚንቀሳቀስ የኤክስሬይ መሣሪያ) እየታየ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ትልቁ ጥቅሙ ቱቦው ውስጥ የቀረ ጠጠርን ማሳየቱና ጉበት ውስጥ ያሉትን ቅርንጫፎች ሞልቶ ማሳየቱ ነው። የቀኝ ጉበት ቱቦ ሳይሞላ ከቀረ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ድካሙ ካቴተሩን ማስገባት ላይ ነው። ሲስቲክ ዳክቱ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ያሉት ቫልቮች ካቴተሩን ካገዱት፣ ሥራው ይጓተታል። የአየር አረፋ ከገባ ፊልሙ ላይ ጠጠር ይመስላል፤ ስለዚህ መርፌውና ቱቦው ከመግባታቸው በፊት አየራቸው ይውጣ፣ አልጋውም ትንሽ ይዘንበል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮላንጂዮግራም የሚነሳው አንድ ቱቦ ከተቀደደ በኋላ ነው። የተቀደደው ዋናው ቱቦ ከሆነ ፊልሙ ስህተቱን ያሳያል፣ ሙሉ ከመቁረጥም ያድናል፤ ቀዳዳው ግን ተፈጥሯል።

የላፓራስኮፒ አልትራሳውንድ ጨረርም ቀለምም አያስፈልገውም። ጠጠርን ያሳያል፤ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዘዴ) የደም ሥርን ከሐሞት ቱቦ ይለያል፤ በቀዶ ሕክምናው መካከል ቢደጋገም ጉዳት የለውም። ችግሩ ባለሙያው ነው። ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ብዙ ታካሚ ላይ ካልተለማመደ ምስሉ ጥላ ብቻ ይሆንበታል፤ ፕሮቡም ውድ ሲሆን በግዴለሽነት ሲታጠብ ቶሎ ይሰበራል። የለመደ ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሌላ መሣሪያ ባይገዛም አይጎዳም። ሌላው ግን ከዚህ ባይጀምር እንመክራለን።

አይሲጂ፣ ሙሉ ስሙ ኢንዶሳያኒን ግሪን፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1959 ጀምሮ ለሌላ ምርመራ ሲሠራበት የቆየ ቀለም ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ከደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ጉበት ብቻ ያጣራዋል፤ ሳይለወጥ ወደ ሐሞት ይወርዳል። በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው። ወደ 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ሲያርፍበት በ830 አካባቢ መልሶ ያበራል። ይህን ዓይን አያየውም፤ ማጣሪያ ያለው ካሜራ ግን አረንጓዴ ወይም ነጭ አድርጎ ሞኒተሩ ላይ ያወጣዋል። ከጃፓን የኢሺዛዋ ቡድን በ2010 ባሳተመው ጥናት በ52 ታካሚዎች ላይ ሲሞክረው ሲስቲክ ዳክቱም የጋራው የጉበት ቱቦም በሁሉም ታይቷል። የዛሬው ጥናት ሁሉ ከዚያ ይቀዳል።

ቱቦው አይቀደድም፤ ጨረር የለም፤ አዝራር ተጫን፣ እይ፣ ቀጥል ነው። አንድ የአሜሪካ ቡድን በ2014 ባሳተመው ንጽጽር አይሲጂን ለማየት ከ1 ደቂቃ በታች ሲበቃ ኤክስሬይው ወደ 7 ደቂቃ ወስዷል። የማየት ፍጥነቱ እንግዲህ አያከራክርም። ገደቡ ግን መታወቅ አለበት። ብርሃኑ በሰውነት ውስጥ የሚዘልቀው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቱቦው በወፍራም ስብ ወይም በጠነከረ ጠባሳ ስር ከሆነ አይታይም። ጠጠርንም አያሳይም። ዋናው ቱቦ ውስጥ ጠጠር ይኖራል ተብሎ ሲጠረጠር አይሲጂ መልስ አይሰጥም፤ ያኔ ኤክስሬይ፣ አልትራሳውንድ፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤም አር ሲ ፒ (የሐሞት ቱቦዎች ኤም አር አይ ምርመራ) ያስፈልጋል።

የአይሲጂ መጠንና ሰዓት

አይሲጂ "አልሠራም" ሲባል ካሜራው ተበላሽቶ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ መርፌው የተሰጠበት ሰዓት ነው። ቀለሙ መጀመሪያ ጉበቱን ይሞላል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቱቦዎቹ ይወርዳል። ቶሎ ካዩት ጉበቱ እንደ መብራት ያበራና ከጎኑ ያለውን ቀጭን ቱቦ ይውጠዋል። በቂ ሰዓት ሲያልፍ ጉበቱ ይደበዝዛል፣ ቱቦው ይደምቃል። የሚፈለገው የቱቦው ድምቀት ብቻውን ሳይሆን ከጉበቱ ድምቀት ጋር ያለው ልዩነት ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አካሄዶች በመጠን እጅግ ይራራቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደው አወሳሰድ 2.5 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት ነው። በክብደት የሚሰጡም አሉ። በ2016 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ልዩ ልዩ መጠንና ሰዓት ሞክሮ ከሞከራቸው የተሻለ ያገኘው 0.25 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት የተሰጠው ነው። ሌሎች 0.05 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሰጣሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው 15 ሚሊ ግራም፣ ሁለተኛው 3 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ የአምስት እጥፍ ልዩነት ነው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2017 ሰዓቱን ወደ ኋላ ገፍተው አዩት፦ ለ5 ሚሊ ግራም ከ3 እስከ 7 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ለ10 ሚሊ ግራም ከ5 እስከ 25 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሰጥ የቱቦና የጉበት ልዩነት ከፍተኛ ሆነ።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ምክር ይህ ነው። ታካሚው ከዋዜማው የተኛ ከሆነ ማታ ላይ መስጠት ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ተራው በሰዓታት ቢገፋም አይበላሽም። ጠዋት መጥቶ በዚያው ቀን የሚገባ ከሆነ ደም ሥሩ እንደተከፈተ፣ በማቆያ ክፍሉ፣ 2.5 ሚሊ ግራም ይሰጥ። ማደንዘዣ ክፍል ከገባ በኋላ ብቻ መስጠት ለብዙ ሆስፒታል የተለመደ ነው፤ ምቾቱ ለሠራተኛው እንጂ ለምስሉ አይደለም። ሰዓቱ ካለፈና መርፌው ካልተሰጠ ሌላ መውጫ አለ፦ በጣም ያነሰ መጠን፣ 0.05 ሚሊ ግራም በድምሩ። ትንሽ ቀለም ጉበቱን ያን ያህል ስለማያጥለቀልቀው በአጭር ጊዜ ውስጥም ቱቦውን ለመለየት ያስችላል። ይህን አካሄድ የፈተኑ ጥናቶች እየበዙ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከመጠን ጥናቶቹ ሁሉ ለሥራ የሚቀርበው ይኸው ነው።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው፦

1. የብልቃጡን መለያ ያንብቡ። 25 ሚሊ ግራም የያዘ ብልቃጥ በአሜሪካው አሠራር በ10 ሚሊ ሊትር ይበረዛል፤ 1 ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ይይዛል። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው አንዱ ምርት ግን በ5 ሚሊ ሊትር ነው የሚበረዘው፤ በዚያ 1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው። "አንድ ሚሊ ሊትር ስጭ" ብሎ ማዘዝ ስለዚህ እጥፍ መጠን ሊያሰጥ ይችላል። ትዕዛዙ ሁልጊዜ በሚሊ ግራም ይጻፍ።

2. የሚበረዘው በተጣራ የመርፌ ውሃ ብቻ ነው። በኖርማል ሳላይን ከተበረዘ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፤ ብርሃኑም ይደክማል። መርፌው ከተሰጠ በኋላ መስመሩን በሳላይን መግፋት ግን ይቻላል።

3. ለ0.05 ሚሊ ግራም፦ ከ2.5ቱ ውህድ 1 ሚሊ ሊትር ወስደው በ9 ሚሊ ሊትር ውሃ ያቅጥኑ፤ ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር ወስደው እንደገና በ9 ያቅጥኑ። አሁን በ1 ሚሊ ሊትር 0.025 ሚሊ ግራም አለ፤ 2 ሚሊ ሊትር ይስጡ። ሲሪንጆቹ ላይ መጠኑ ይለጠፍ፤ ሦስቱም አረንጓዴ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም።

4. ከብርሃን ይከልሉት። የአሜሪካው መለያ ከተበረዘ በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ያዛል፤ አንዳንድ ምርት ግን ወዲያው እንዲሰጥ ያዛል። የተረፈው ይጣላል።

ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ቀለሙ በደም ሥር ሲገባ ፐልስ ኦክሲሜትሩ ለጥቂት ጊዜ ኦክስጅን የወረደ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ሳይነገረው የተሰጠ እንደሆነ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። ብዙዎቹ ዝግጅቶች ሶዲየም አዮዳይድ ስላለባቸው ለአዮዲን አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጡም፤ የአውሮፓው መለያ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ የሚሠራባቸውንም ይከለክላል። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚደረግ የዕጢው ምርመራም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆይ። ከባድ አለርጂ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም አድሬናሊን ባልተዘጋጀበት ክፍል መርፌው አይሰጥ።

በቀጥታ ወደ ከረጢቱ መስጠት

ሌላው አማራጭ ቀለሙን በደም ሥር ሳይሆን በመርፌ ወደ ከረጢቱ መክተት ነው። ጉበቱ አይበራም፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ሐሞት ይቀዳና በምትኩ በ1 ሚሊ ሊትር 0.025 ሚሊ ግራም ያለው ቀጭን ውህድ ይገባል። ቀጭን መሆኑ ግዴታ ነው፤ አይሲጂ ሲወፍር ራሱን በራሱ ያደበዝዛል፤ ብዙ መጨመር ብርሃን አይጨምርም። ሁለት ጉድለቶች አሉበት። ቀዳዳው ካፈሰሰ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ምስሉ አይጠቅምም። ጠጠር የከረጢቱ አንገት ላይ ከተሰነቀረ ደግሞ ቀለሙ ወደ ሲስቲክ ዳክቱ አያልፍም። ለከባድ ብግነት አስቀድሞ በቆዳ በኩል የማፍሰሻ ቱቦ ለገባላቸው ታካሚዎች ግን ይህ መንገድ ምቹ ነው፦ ቀለሙ በቱቦው ይገባል፣ ከረጢቱም አይወጋም።

ስክሪኑ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች

ምንም ካልታየ መጀመሪያ የሚመረመረው መሣሪያው ነው። ተራ ስኮፕ (ካሜራው የሚያይበት ዘንግ) ለኢንፍራሬድ ካልተሠራ ካሜራው ትክክል ቢሆንም አያሳይም፤ የብርሃን ገመዱም ያረጀ ከሆነ እንዲሁ። ከዚያ ርቀቱ፦ ስኮፑን ወደ ቱቦው ያቅርቡ። ከዚያ ታካሚው፦ ሲርሆሲስ (የጉበት ጠባሳ) ወይም ቢጫነት ያለበት ሰው ጉበት ቀለሙን ቀስ ብሎ ይለቃል። መርፌው ከደም ሥር ውጭ ፈሶ ሊሆንም ይችላል።

ከረጢቱ ጨለማ ሆኖ ዋናው ቱቦ ሲያበራ መሣሪያው አልተበላሸም። ሲስቲክ ዳክቱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ዋናው ቱቦ ያለበትን ቦታ ማወቅ ግን ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ጉበቱ ብርሃኑን ሲያጥለቀልቅ የካሜራውን ጥንካሬ ይቀንሱ፣ ጉበቱን በጎዝ (በቀዶ ሕክምና ጨርቅ) ይሸፍኑ፣ ስኮፑን ያዘንብሉ። በብርሃን የሞላ የከረጢት አንገት ሲስቲክ ዳክቱን ሲጋርድ ወደ ጎን ጎትተው ከሌላ አቅጣጫ ይዩ።

በጣም አደገኛው ማሳሳቻ ዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ነው። ሐሞቱ ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀቱም ያበራል፤ ጠርዙ ብቻ ከታየ ቱቦ ይመስላል። በነጩ ብርሃን ሳይረጋገጥ በአረንጓዴው ላይ ብቻ መወሰን ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ቱቦ ተደራርቦ ሲሄድም ስክሪኑ ጥልቀት ስለማያሳይ አንድ መስመር ይመስላል፤ ከረጢቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያገላበጡ ማየት ይለያቸዋል። ማየቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፦ ማላቀቅ ከመጀመሩ በፊት፣ ሦስት ማዕዘኑ ሲከፈት፣ ከክሊፕ በፊት፣ እና ከረጢቱ ከወጣ በኋላ የጉበት አልጋው ሐሞት እንዳያፈስ።

የደም ሥሩን ማየት ለሚፈልጉ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከጸዳ በኋላ ሌላ 2.5 ሚሊ ግራም ቢሰጥ የሲስቲክ ደም ሥሩ በደቂቃ ገደማ ውስጥ ያበራል። ይህ ግን ጉበቱን እንደገና ያበራዋልና የቱቦ ሥራው ካለቀ በኋላ ይሁን።

ጥናቱ ወዴት እየሄደ ነው

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥያቄ "ይታያል ወይ?" ነበር፤ ተመልሷል። ቀጥሎ የመጣው ስንትና መቼ የሚለው ነው፤ እሱ ገና ስምምነት የለውም። ከዚያ በዕጣ የተመደቡ ጥናቶች መጡ። በ2019 የታተመው ዲፕና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ጥናት 639 ታካሚዎችን አይሲጂና ተራ ብርሃን ብሎ ከፈለ፤ ማላቀቅ ከመጀመሩ በፊት ቱቦዎቹ በአይሲጂ ብዙ ጊዜ ታዩ። የተመዘገቡት ሁለት የቱቦ ጉዳቶችም በተራ ብርሃን ወገን ነበሩ። ከኔዘርላንድስ የወጣው ፋልኮን የተባለው ጥናት በ294 ታካሚዎች ሲ ቪ ኤስ ላይ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ ከ23 ደቂቃ ገደማ ወደ 19 ገደማ መውረዱን ዘገበ። ከዴንማርክ የመጣው በ120 ታካሚዎች ላይ አይሲጂን ከኤክስሬይ ጋር አነጻጽሮ፣ መጋጠሚያውን በማሳየት እንደማያንስ አሳየ።

እነዚህን ስናነብ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሁለት ጉዳት በአንድ ወገን፣ ዜሮ በሌላው፣ ልዩነቱን አያረጋግጥም፤ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ከ0.4 በመቶ ወደ 0.2 መውረዱን በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ ለማሳየት በእያንዳንዱ ወገን ከ11,000 በላይ ታካሚ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ጊዜንና የመታየት ድርሻን የሚለኩት፤ ሊለኩ የሚችሉት እነሱ ናቸውና። አይሲጂ ቱቦን ቶሎ ያሳያል ማለት በማስረጃ የተደገፈ ነው። የሐሞት ቱቦ ጉዳትን ይቀንሳል ማለት ምክንያታዊ ተስፋ ነው፤ ሻጭ እንደ ተረጋገጠ ነገር ቢያቀርበው አይቀበሉት። አዲስ ጥናት ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የተሰጠው መጠንና ሰዓት፣ የታካሚዎቹ የብግነት ደረጃ፣ ምስሉን የፈረደው ሐኪም የትኛው ወገን እንደሆነ ያውቅ እንደነበር ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች ቀለል ያሉ ታካሚዎችን ያካትታሉ፤ እርዳታ የሚያሻው ግን ከባዱ ጋ ነው።

አሁን ትኩረት የሚስቡት ሦስት አቅጣጫዎች ናቸው። አንደኛው ድምቀትን በዓይን ከመገመት ወደ ቁጥር መቀየር ነው፤ የቱቦና የጉበት ጥምርታ በሁሉም ካሜራ በአንድ መንገድ ካልተለካ የአንዱን ሆስፒታል ውጤት ለሌላው ማስተላለፍ አይቻልም። ሁለተኛው ከ1,000 ናኖሜትር በላይ ያለው ኢንፍራሬድ ነው፤ ብርሃኑ ብዙም ስለማይበታተን ጠለቅ ያለውን ያሳያል። በ2020 ከቻይና በጉበት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ላይ በሰው ተሞክሮ ታትሟል፤ ለሐሞት ከረጢት የዕለት ሥራ ግን ካሜራው ገና ውድ ነው። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የስትራስቡርጉ ቾሌክ80 የተባለው የ80 ቪዲዮዎች ስብስብ ለብዙ ተመራማሪ መነሻ ሆኗል። ከቶሮንቶ የመጣው ጎኖጎኔት ደግሞ ስክሪኑ ላይ መቁረጥ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ቦታ በቀለም ይለያል። እነዚህ የተማሩት በነጭ ብርሃን ቪዲዮ ስለሆነ ከአይሲጂ ጋር አይጋጩም፤ አንዱ የተደበቀውን ያሳያል፣ ሌላው የታየውን ይተረጉማል።

መሣሪያ ሲገዛ

ካርል ስቶርዝ፣ ስትራይከር፣ ኦሊምፐስና ማይንድሬይ ለላፓራስኮፒ የኢንፍራሬድ ካሜራ አላቸው፤ በዳ ቪንቺ ሮቦት ላይ ፋየርፍላይ የሚባለው ከራሱ ጋር ይመጣል። ከምልክቱ ይልቅ የሚከተሉት ይጠየቁ። አረንጓዴው በነጩ ምስል ላይ ተደርቦ በአንድ ጊዜ ይታያል ወይስ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀያየራል? ተደርቦ የሚታየው እየተመለከቱ ለመሥራት ያስችላል፤ ጥቁርና ነጩ ደግሞ ደካማ ብርሃንን ይበልጥ ያወጣል፤ ሁለቱም ያለው ይሻላል። ስኮፑ በሆስፒታሉ የማምከኛ ዘዴ ይመከናል? መለዋወጫ ስኮፕ በስንት ቀን ይደርሳል? ከሁሉ በፊት ግን አይሲጂው ራሱ በአገሩ ተመዝግቦ ያለማቋረጥ ይገኛል? በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ካሜራ ብልቃጥ ከሌለ ተራ ካሜራ ነው።

በአብዛኛው ክፍት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል፣ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች፣ በመጀመሪያ የላፓራስኮፒ ሥልጠናውንና ሲ ቪ ኤስን ቢያጠናክር ገንዘቡ ይበልጥ ይሠራለታል። ሲ-አርሙ ለአጥንት ሕክምና አስቀድሞ ካለ ለኮላንጂዮግራም የሚጎድለው ካቴተር፣ ፈሳሽና ልምምድ ብቻ ነው። ለክፍት ቀዶ ሕክምና አይሲጂን የሚፈልግ በእጅ የሚያዝ ሌላ ካሜራ ያስፈልገዋል፤ ሲታይ የጣሪያው መብራት መጥፋት ወይም መዞር አለበት፣ ያለዚያ ምስሉን ይበክላል።

ለየትኛው ታካሚ የትኛው

ብግነት የሌለበት፣ የጉበት ምርመራው የተስተካከለ፣ ዋናው ቱቦ ያልሰፋ ታካሚ ላይ አይሲጂ ካለ ይሰጥ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ያልተጠበቀ ተጨማሪ ቱቦም ሊያወጣ ይችላል። ቢሊሩቢን (ቢጫነት የሚያመጣው የሐሞት ቀለም) ከፍ ያለበት ወይም ቱቦው የሰፋበት ታካሚ ጋ ጥያቄው ጠጠር ስለሆነ ኤክስሬይ ወይም አልትራሳውንድ ይቀድማል። በጣም ወፍራም ሰው ላይ አይሲጂ ጥሩ መነሻ ነው፤ ስቡ እየተነሳ ሲሄድ ግን ደጋግሞ መታየት አለበት፤ መጀመሪያ ያልታየው በኋላ ይወጣል።

ለቀናት የቆየ ከባድ ብግነት ያለበት ታካሚ ላይ ሦስቱም ዘዴዎች ሊያቅታቸው ይችላል። ሦስት ማዕዘኑ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሲገኝ ሌላ መጠን መርፌ መጨመር መልስ አይደለም። የ2018ቱ የቶኪዮ መመሪያ የሚያቀርባቸው መውጫዎች፣ ከረጢቱን በከፊል ማውጣት፣ ከጫፉ ጀምሮ ማላቀቅ ወይም ሆድ መክፈት፣ ለዚህ ሰዓት የተዘጋጁ ናቸው። ከፊል ማውጣት የሚመርጥ ሐኪም አይሲጂን እዚህ ለሌላ ጥቅም ሊያውለው ይችላል፦ የቀረው ጉቶ ከተሰፋ በኋላ ሐሞት እያፈሰሰ እንደሆነ ለማየት።

በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ የተሰጠው መጠን በሚሊ ግራም፣ የተሰጠበትና የታየበት ሰዓት፣ በየደረጃው የታዩት ቱቦዎች ይጻፉ፤ ከክሊፕ በፊት የተነሳ አንድ ነጭ ምስልና አንድ የኢንፍራሬድ ምስል ከፋይሉ ጋር ይቀመጡ። ከ20 ወይም ከ30 ታካሚ በኋላ ይህ መዝገብ ለዚያ ሆስፒታል፣ ለዚያ ካሜራ የትኛው ሰዓት እንደሚስማማ ይነግራል።